ከሚሴ ስንት ዓመቷ ነው?

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የተጓዘ ሰው ከሚሴን የሚያውቃት በሆዱ ነው። 325 ኪሎ ሜትር ያህል ከተነዳ በኋላ መኪናው ይቆማል። ምሳ ይበላል፣ ሻይ ይጠጣል፣ የቸኮለው በመስኮት ማንጎና ውኃ ይገዛል፣ ስለ ሙቀቱ ጥቂት ይማረራል፣ ከዚያ ሹፌሩ ጥሩንባውን ይነፋል። ከተማዋ ስንት ዓመቷ እንደሆነ የጠየቀ መንገደኛ እስካሁን አላጋጠመንም። ጎንደር ግንብ አላት፣ ላሊበላ ውቅር ቤተ ክርስቲያን፣ ሐረር ጀጎል። ከሚሴ አስፋልት አላት።

ስለዚህ ዕድሜ እንደሌላት ከተማ ትታለፋለች። በዜና ስሟ የሚነሳው በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ በመሆኗ ነው። ዞኑ በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ወደ 457 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ነበረው። ከአምስቱ አራቱ ኦሮሞ ነው፤ የቀረው አማራ፣ አርጎባና ሌላም ነው። እንግዲህ ስለ ከሚሴ ሰው ሲያወራ የሚሰማው ይህ ቁጥር ነው። ቁጥሩ ስለ ዛሬ ይነግረናል፤ እዚያ ሸለቆ ውስጥ ከሺህ ዓመት በፊት ማን ይኖር፣ በምን ቋንቋ ይነጋገር፣ ምን ይነግድ እንደነበር ግን አይነግረንም።

ነገሩ የዕውቀት ጥማት ብቻ ቢሆን ደስ ባለን ነበር። አይደለም። በመጋቢትና በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. ከዚህች ከተማ በስተደቡብ፣ በጅሌ ጥሙጋ፣ በአጣዬ፣ በሸዋ ሮቢት አካባቢ ብዙ ሰው አለቀ፤ የአጣዬ አብዛኛው ክፍል ተቃጠለ። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ ጦርነቱ ራሷን ከሚሴን አዳረሳት። በዚያን ሰሞን ፌስቡክ ላይ የነበረውን ታስታውሱታላችሁ። አንዱ «አገሩ የኢፋት ነው፣ ኢፋት ደግሞ የእኛ» ይላል፣ ሌላው «በ16ኛው ክፍለ ዘመን የመጣ መጤ» ይላል፣ ሦስተኛው ካርታ ለጥፎ በቀይ ያከብባል። ሁሉም ታሪክ ይጠቅሳል። የትኛው መጽሐፍ፣ የትኛው ገጽ፣ ማን ጻፈው፣ መቼ ጻፈው ብሎ የጠየቀ ግን አላየንም። እኛ ጠየቅን። ከዚህ በታች ያለው የፍለጋችን ውጤት ነው። (ዓ.ም. ካላልን በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ከሂጅራ ወደ ግዕዝ፣ ከግዕዝ ወደ አውሮፓ ስንቀያይር እኛም ራሳችን ዞሮብናል።)

መጀመሪያ ግልጹን እንናገር። ከሚሴ እንደ ከተማ የመንገድ ልጅ ናት። ጣሊያን ከአስመራ በደሴ አድርጎ አዲስ አበባ የሚያደርሰውን አውራ ጎዳና ሲሠራ፣ ከዚያም ወዲህ መኪና ሲበዛ፣ እንደ ብዙዎቹ የመንገድ ዳር ከተሞቻችን አደገች። ሸለቆው ግን ሌላ ነው። ቦርከና ከደሴ ደጋ ተነስቶ በኮምቦልቻ አድርጎ ይወርዳል፣ የጨፋን ረግረግ ያጠጣል፣ ከዚያ ወደ አዋሽ ይሄዳል። በስተምዕራብ ደጋው እንደ ግድግዳ ቆሟል፤ በስተምሥራቅ የአፋር ቆላ ይዘረጋል። ደጋና ቆላ እንዲህ ተፋጥጠው በቆሙበት ቦታ ገበያ ይኖራል። ገበያ ካለ ደግሞ ነጋዴ፣ ቀረጥ፣ ሹም፣ መስጊድ፣ ቤተ ክርስቲያንና ጠብ አይጠፉም።

የዳኑብ ወንዝ ዳር ከተሞች ዕድለኞች ናቸው። ቡዳፔስት ውስጥ አኩዊንኩም የሚባል የሮማውያን ከተማ ፍርስራሽ አለ፤ የከተማው ባቡር በአጠገቡ ያልፋል። ተማሪው ትኬት ቆርጦ ይገባል፣ አያት ቅድመ አያቶቹ የረገጡትን (ወይም ያልረገጡትን) ድንጋይ አይቶ ይወጣል። የቦርከና ዳር ተማሪ የአገሩን ታሪክ ልፈልግ ቢል ግን መጀመሪያ ካይሮ፣ ቀጥሎ ሮም፣ ከዚያ ፓሪስ መሄድ አለበት። ወረቀቱ ያለው እዚያ ነውና።

ከሮም እንጀምር። ኤንሪኮ ቼሩሊ የሚባል ጣሊያናዊ ምሁር (የቅኝ ግዛቱ ባለሥልጣንም ነበር፣ ይህ አይረሳ) በ1941 አንድ አጭር የዐረብኛ ዜና መዋዕል አሳተመ። ጥቂት ገጾች ብቻ ናቸው። ውስጡ ያለው ግን ጉድ ነው፦ ከኢፋት በፊት በሸዋ ምሥራቃዊ ወገን መኽዙሚ የሚባል የሙስሊም ነገሥታት ሥርወ መንግሥት ነበር ይላል። ከቀደምቶቹ ማስታወሻዎች አንዱ የአንዲት ሴት ሞት ነው። ባዲት የማያ ልጅ፣ ንግሥት፣ በ1063 ሞቱ። በዚህች አገር የመካከለኛው ዘመን የሙስሊም መንግሥት ታሪክ በሰነድ ሲጀምር ከደጃፉ ላይ የቆመችው ንግሥት ናት ማለት ነው። በትምህርት ቤት ይህን የነገረን ሰው የለም።

ይኸው ጽሑፍ በ1108 ገበህ የተባሉ ሰዎች እስልምናን እንደተቀበሉ ይናገራል፤ አንዳንድ አጥኚዎች እነዚህን ከአርጎባዎች ጋር ያገናኟቸዋል። በ1258 ባግዳድ በሞንጎሎች እጅ መውደቋንም መዝግቧል። አስቡት፤ በዚህ ተዳፋት ላይ የተቀመጠ አንድ ጸሐፊ የሰፈሩን ሹም ሽርና የባግዳድን መውደቅ በአንድ ወረቀት ላይ ይጽፋል። ዓለም ሩቅ አልነበረችም።

እኛን ያስደነቀን ግን ዓመተ ምሕረቱ ሳይሆን የሡልጣኖቹ ስም ነው። ከመሐመድና ከሑሴን መሃል ድል መራ፣ ድል ጋሚስ፣ ሐርበ አርዕድ የሚሉ ስሞች ይመጣሉ። ቀስ ብላችሁ አንብቧቸው። «ድል መራ»ን ለመረዳት መዝገበ ቃላት ያስፈልጋችኋል? «ሐርበ አርዕድ» ማለት በጦር የሚያንቀጠቅጥ ማለት ነው። ከ1344 ጀምሮ የነገሡት የክርስቲያኑ ንጉሥ ስም ደግሞ ሰይፈ አርዕድ ነው፤ በሰይፍ የሚያንቀጠቅጥ። አንዱ ሡልጣን ነው፣ ሌላው ዓፄ፤ አንዱ ጦር ይዟል፣ ሌላው ሰይፍ፤ ስሙን ያወጣላቸው ቋንቋ ግን የአንድ ቤተሰብ ነው። ቼሩሊም ይህን አይቶ ነው የመኽዙሚዎቹ አገር ሰው የኢትዮጵያ ሴማዊ ቋንቋ ይናገር ነበር ያለው። ሥርወ መንግሥቱ ዘሩን ከመካ የመኽዙም ጎሳ ይቆጥራል፤ ከወዲያኛው ተራራ ያለው ንጉሥ ደግሞ ከሰሎሞን። ስማቸውን ግን ሁለቱም ከዚሁ ከጎረቤት ነው የወሰዱት።

በ1285 የመኽዙሚዎች ነገር አከተመ። ዑመር ወላስማ የሚባሉ የኢፋት ሰው አገሩን ያዙ፤ ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ወላስማ በሚል ስም ከመቶ ዓመት በላይ ገዙ። የኢፋት እምብርት ከከሚሴ በስተደቡብ ነው፤ የቦርከና ሸለቆ ደግሞ የዚያው ተዳፋት ሰሜናዊ ቅጥያ ነው።

አሁን ወደ ካይሮ። አል-ዑመሪ የሚባል የማምሉኮች ጸሐፊ በ14ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ስለ ኢፋት ጻፈ። እግሩ አልረገጠውም። የነገረው ዐብደላህ አል-ዘይለዒ የሚባል ሕግ አዋቂ ሲሆን፣ ይህ ሰው ካይሮ የሄደበት ጉዳይ ራሱ ታሪክ ነው። የኢትዮጵያው ንጉሥ ሙስሊሞቹን አስጨነቁ የሚል አቤቱታ ይዞ ሄደ፤ ሡልጣኑ ለግብጹ ፓትርያርክ እንዲነግሩለት፣ ፓትርያርኩ ደግሞ ለንጉሡ ደብዳቤ እንዲጽፉለት። ሙስሊሙ ዳኛ በሙስሊሙ ሡልጣን በኩል የክርስቲያኑን ጳጳስ አማላጅ ይልካል። ያኔ «ጠላትና ወዳጅ» እንደ ፌስቡኩ ካርታ በቀይ የተከበበ አልነበረም።

አል-ዑመሪ ኢፋት ርዝመቷ የ15፣ ወርዷ የ20 ቀን መንገድ ነው ይላል፤ 15 ሺህ ፈረሰኛና ከ20 ሺህ የሚበልጥ እግረኛ ታሰልፋለች ይላል። የጦር ቁጥር በየትም አገር ከፍ ተደርጎ ስለሚነገር በጨው ቅመሱት። ስለ ኑሮው የሚለው ግን ደስ ይላል። ጤፍ፣ ሸንኮራ አገዳ፣ ሙዝ፣ ሎሚ ይቆጥራል። ገበያው ላይ የግብጽ ዲናርና ዲርሃም ይሠራል ይላል፤ በሌላው ጎረቤት አገር ግን ብረት ነበር እንደ ገንዘብ የሚሰጠው። እና አዎ፣ ጫትን ይገልጻል፤ ቅጠሉ ይበላል፣ አእምሮ ያነቃል፣ እንቅልፍና ምግብ ያስረሳል ብሎ። ዛሬ ከሚሴ ከሰዓት በኋላ የሚቅመው ልጅ ከ670 ዓመት በላይ የሆነ የጽሑፍ ምስክር አለው። (ይህን ለቤተሰቦቻችሁ እንደ መከራከሪያ እንዳታቀርቡት።)

ጫቷ በሌላኛው ወገን መጽሐፍም ትገባለች። የዓፄ ዓምደ ጽዮን የጦርነት ዜና መዋዕል በግዕዝ የተጻፈ ነው፤ በ1332 ገደማ ከኢፋቱ ሰብረዲን ጋር የተደረገውን ጦርነት ይተርካል። ሰብረዲን የንጉሡን መቀመጫ ይዤ ሙስሊሞች የሚወዱትን ጫት እተክልበታለሁ ብለው ዛቱ ይላል ጸሐፊው። ዛቱ ወይስ አልዛቱም የሚለውን እንተወው፤ የቤተ መንግሥት ጸሐፊ ደመወዙ ከየት እንደሚመጣ ያውቃል። ዋናው ነገር አንድ ቅጠል የሁለት ሃይማኖት ድንበር ምልክት ሆኖ መቅረቡ ነው። ያው ቅጠል በኋላ ዘመን ድንበሩን ሁሉ ሰብሮ የሁሉም ሆነ፤ አዲስ አበባን እዩ።

የዜና መዋዕሉ ፍጻሜም ከጦር ሜዳው ይልቅ ያስተምራል። ሰብረዲን ተሸነፉ፤ ዓፄ ዓምደ ጽዮን አገሩን ለማን ሰጡ? ለሰብረዲን ወንድም፣ ለጀማለዲን። አገሩን በሙሉ አጥፍቶ ሌላ ሕዝብ ማስፈር ለንጉሡም አልታያቸውም፤ ቀረጡ የሚመጣው ነጋዴው ሲነግድ ነውና። ወላስማዎቹ ራሳቸው ለንጉሡ በሚገብሩና አንገብርም በሚሉ ወንድማማቾች ተከፍለው ተጋደሉ። በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሳዕደዲን ዘይላ ላይ ተገደሉ፤ ልጆቻቸው የመን ተሰደው ተመለሱና መንግሥታቸውን ወደ ምሥራቅ ወስደው አዳልን አቆሙ። ኢፋት በክርስቲያኑ መንግሥት ሥር ገባች። ሕዝቡ ግን እዚያው ቀረ። ይህን ጊዜ በታሪክ መጽሐፎቻችን የምናነበው የነገሥታቱን ሽሽት ነው እንጂ በማግሥቱ ማሽላውን ያጨደውን ሰው አይደለም።

ፕሮፌሰር ታደሰ ታምራት በ1972 ባሳተሙት የቤተ ክርስቲያንና የመንግሥት ታሪክ መጽሐፋቸው ይህን ሁሉ አስተሳስረው ጽፈውታል፤ ሳያነቡ ስለ ኢፋት መከራከር ሕጋዊ ሊሆን አይገባም እንላለን። ግን በእሳቸው ዘመን አንድ ነገር ጎድሎ ነበር፤ ድንጋዩ። ከተሞቹ በወረቀት ላይ ስማቸው ነበረ፣ በመሬት ላይ አልተገኙም።

የተገኙት በእኛ ዘመን ነው። ፍራንሷ ዣቪየ ፎቬል፣ በርትራን ሂርሽ፣ ሎራን ብሩክሴል፣ አሜሊ ሼክሩን ከኢትዮጵያውያኑ ከደረሰ አየናቸውና ከቻላቸው መስፍን ጋር ሆነው በኢፋት ሦስት የመካከለኛው ዘመን የሙስሊም ከተሞች ፍርስራሽ ማግኘታቸውን «አናል ዴቲዮፒ» በሚባለው የጥናት መጽሔት በ2006ቱ ቅጽ አስነበቡ፦ አስበሪ፣ መሰል፣ ኖራ። ከከሚሴ በስተደቡብ በገደሉ ግርጌ፣ ከቆላው በላይ ከፍ ባሉ የድንጋይ አምባዎች ላይ ናቸው። የድንጋይ ቤቶች፣ መቃብሮች፣ መስጊዶች። የኖራ መስጊድ ግድግዳ ዛሬም ከሰው ቁመት በላይ ቆሟል፣ ሚሕራቡም ይታያል። በተከታዮቹ ዓመታት ደግሞ የወላስማዎቹ መካነ መቃብር ተገኘ፤ በዐረብኛ የተጻፈባቸው የ14ኛው ክፍለ ዘመን የመቃብር ድንጋዮች፣ ስማቸው ከዜና መዋዕሎቹ የምናውቃቸው ሰዎች። ለዘመናት በወረቀት ብቻ የምናውቃቸው ሰዎች በራሳቸው ድንጋይ ላይ ስማቸውን ጽፈው ተኝተዋል።

«ተገኙ» ስንል የአካባቢው ሰው አያውቃቸውም ማለታችን እንዳይመስላችሁ። እረኛው ያውቃቸው ነበር። ያላወቅነው እኛ የከተማ አንባቢዎች ነን። ጥናቱ በፈረንሳይኛ ነው፤ መጽሔቱ ግን ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይነበባል፣ ፎቶውና ካርታው ደግሞ ቋንቋ አይጠይቅም።

ያው የፎቬል ቡድን በዚያው አካባቢ ያጋጠመው ሌላ ነገር ደግሞ ሁለቱንም ተከራካሪዎች ዝም ሊያሰኝ ይገባል። ከሸለቆው በስተምዕራብ ባለው ደጋ ላይ፣ መንዝንም ጨምሮ፣ ከ10ኛው እስከ 14ኛው ክፍለ ዘመን ሙታናቸውን በትልልቅ የድንጋይ ክምር ሥር የቀበሩ ሰዎች ነበሩ። ከሙታኑ ጋር የሸክላ ዕቃና እጅግ ብዙ የብርጭቆ ዶቃ ተቀብሯል፤ ዶቃው የመጣው ከሕንድ ውቅያኖስ ንግድ ነው። ክርስቲያን አልነበሩም፣ ሙስሊምም አልነበሩም። ተመራማሪዎቹ የሻይ ባህል ብለው ሰየሟቸው (ከሚጠጣው ሻይ ጋር አይገናኝም)። ኢፋት ሙስሊም፣ አምሐራ ክርስቲያን ብለን ሁለት ቀለም በቀባነው ካርታ መሃል ሦስተኛ ሕዝብ አለ፤ ሀብታም ነው፣ ከባሕር ማዶ ዕቃ ያስመጣል፣ በየትኛውም መጽሐፍ ላይ ራሱ ስለ ራሱ የጻፈው አንድ መስመር የለም። «ቀዳሚ ማን ነው» የሚለው ክርክር ከተነሳ እነዚህ ሰዎች ማመልከቻቸውን ለማን ያስገቡ? የልጅ ልጆቻቸው ደግሞ የትም አልሄዱም፤ አንዱ ክርስቲያን፣ አንዱ ሙስሊም፣ በኋላም አንዱ አማርኛ፣ አንዱ ኦሮምኛ ተናጋሪ ሆነው ከእኛው ጋር አሉ ብሎ መገመት አያስቸግርም።

አሁን የመንገድ ምልክቶቹን እናንብብ። ከከሚሴ በሰዓታት ርቀት ውስጥ ሁለት የመጽሐፍ ቅዱስ ከተሞች አሉ። የአጣዬ ሌላ ስሟ ኤፌሶን ነው። በአጠገቧ አንጾኪያ አለች። ክርስቲያኑ መንግሥት አገሩን ሲይዝ አገሩን በመጽሐፍ ቅዱስ ስም ጠራው። የኢማም አሕመድ ኢብራሂም ጸሐፊ ዐረብ ፈቂህ በበኩሉ በ1531 አንጡኪያ በተባለች ቤተ ክርስቲያን አካባቢ የተደረገውን ጦርነት ይተርካል፤ የኢማሙ መድፍ የክርስቲያኑን ሠራዊት ያሸበረበት ጦርነት ነው። ቦታውን ብዙዎች ከዚችው ከአንጾኪያ ጋር ያገናኙታል። ጸሐፊው ስሙን በዐረብኛ ሲጽፍ የሶርያዋን ከተማ ስም እንደሚጽፍ አድርጎ ነው የጻፈው። ሊያቃጥል የመጣው ሠራዊት እንኳ ስሙን አልቀየረውም።

ከዚያ በኋላ የመጣው ለውጥ ግን ስም ቀየረ። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ሁለቱም ተፋላሚዎች ደክመው ሳሉ ኦሮሞዎች ከደቡብ ወደ ሰሜን ተስፋፉ። ስለዚህ የምናውቀው ብዙው ነገር አባ ባሕርይ የተባሉ መነኩሴ በ1593 ገደማ በግዕዝ ከጻፉት አጭር ድርሰት ነው። አባ ባሕርይ አገራቸውን ለቀው የተሰደዱ ሰው ናቸው፤ ምሬታቸው ይታያል። ግን ምሬታቸው ዓይናቸውን አልጋረደውም፤ የገዳውን ሥርዓት፣ የሉባውን ተራ፣ የጎሳውን ሐረግ ቁጭ ብለው ይቆጥራሉ፣ የራሳቸው ወገን ለምን እንደተሸነፈም ሳይሸፋፍኑ ይጽፋሉ። ከሐረጎቹ መካከል የከረዩ ልጆች ተብለው ከሚቆጠሩት ውስጥ ወሎ አለ፣ ጅሌም አለ።

ጅሌ! የዛሬው የጅሌ ጥሙጋ ወረዳ። ዛሬ ሰሌዳ ላይ የምናነበው የወረዳ ስም ከ430 ዓመት በፊት በአንድ መነኩሴ ብራና ላይ ሰፍሯል። «መጤ» ለሚለው ሰው ጥያቄ አለን፤ ስንት መቶ ዓመት ሲሞላ ነው የአገር ልጅ የሚኮነው? 430 ዓመት ካልበቃ አሜሪካ ውስጥ ከጥንቶቹ ነዋሪዎች በቀር ማንም አገር የለውም። «ከኦሮሞ በፊት እዚህ ማንም አልነበረም» ለሚለው ደግሞ ኖራ መስጊድ ግድግዳዋን ይዛ ቆማለች። ሁለቱም ወገን ከታሪኩ የሚፈልገውን አንድ ክፍለ ዘመን ቆርጦ ይወስዳል፤ የቀረውን ለእኛ ይጥልልናል።

ከሁሉም በላይ ደግሞ ሾንኬ አለች። ከከሚሴ ብዙም ሳትርቅ፣ በደዋ ጨፋ ወረዳ፣ በተራራ ጫፍ ላይ በድንጋይ የተሠራች የአርጎባ መንደር ናት። ቤቶቹ ጠፍጣፋ ጣራ አላቸው፣ እንደ ደረጃ ተደጋግፈው ይወጣሉ። የአካባቢው ትውፊት ዕድሜዋን ወደ 900 ዓመት ያደርሰዋል። አብዛኛው ነዋሪ ውኃና መንገድ ፍለጋ ወደ ሜዳው ወርዷል፤ የቀሩት ጥቂት ናቸው። የጉብኝት ማስታወቂያዎች ቤቶቹን ያሳዩናል። እኛን ግን የሳበን ቤቶቹ ውስጥ የሚነገረው ቋንቋ ነው።

አርጎብኛ ለአማርኛ ከሁሉም የቀረበ ዘመድ ነው። አብዛኛው አርጎባ ዛሬ አማርኛ ወይም ኦሮምኛ ተናጋሪ ሆኗል፤ በሾንኬና በጎረቤቷ በጦለሃ ግን ቋንቋው ኖሯል። አንድሬያስ ቬተር የተባለ ጀርመናዊ የቋንቋ ሊቅ የሁለቱን መንደሮች አነጋገር ሰዋስው በ2010 አሳትሟል። አሁን ፊደል የቆጠራችሁበትን ቀን አስታውሱ። ሀ፣ ሐ፣ ኀ። ሦስቱም አንድ ዓይነት ድምፅ እያላቸው ለምን ሦስት ሆኑ ብለን የኔታን ያልጠየቅን ማን አለ? መልሱ አማርኛ ድምፆቹን ጥሎ ፊደሎቹን ብቻ ማስቀረቱ ነው። ሾንኬ ላይ ግን የ«ሐ» ድምፅ ከጉሮሮ ወጥቶ ይሰማል። እኛ በወረቀት ብቻ የያዝነውን እነሱ በአፋቸው ይዘውታል። የቋንቋ አዋቂዎች እንዲህ ያለውን ይዘው ነው ሁለት ቋንቋዎች መቼ እንደተለያዩ የሚገምቱት፤ ከአንድ የመቃብር ድንጋይ የማያንስ ሰነድ ነው። የሚሞተው ግን ከድንጋይ ቀድሞ ነው። አያት ይናገረዋል፣ አባት ይሰማዋል፣ ልጅ ከሚሴ ወርዶ በኦሮምኛ ይማራል፣ ደሴ ወጥቶ በአማርኛ ይሠራል። በልጁ አንፈርድም። እኛስ ከአያቶቻችን ቋንቋ ስንቱን ይዘናል?

ሾንኬ የሊቅ አገርም ናት። ሟቹ ፕሮፌሰር ሁሴን አሕመድ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ መምህር ነበሩ፤ በ2001 ባሳተሙት የ19ኛው ክፍለ ዘመን የወሎ እስልምና ታሪካቸው የታወቁ ናቸው። በ2004 ደግሞ ስለ ሾንኬው ሼኽ ጀውሃር ቢን ሐይደር ለብቻው ጥናት ጽፈዋል። የፕሮፌሰሩን ሥራ ስናነብ የገባን ነገር ቢኖር የወሎ ታሪክ ግማሹ በቤተ መጻሕፍት ሳይሆን በሼኾች ቤት፣ በሳጥን ውስጥ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ መኖሩን ነው። ዐረብኛ አለ፤ ዐጀሚ የሚባለውም አለ፣ ማለትም በዐረብኛ ፊደል የተጻፈ አማርኛ። የዐረብኛ ፊደል የሚያነብ አማርኛውን ያነበዋል፣ የግዕዝ ፊደል ብቻ የሚያነብ ግን የራሱ ቋንቋ ሆኖ ሳለ ያልፈዋል። የዛሬው የዞኑ ተማሪ ደግሞ ኦሮምኛውን በላቲን ፊደል ይጽፋል። በአንድ ሸለቆ ሦስት ፊደል። ለተመራማሪ ጭንቅ ነው፤ ሦስቱን የሚያነብ የከሚሴ ልጅ ቢገኝ ግን ከፓሪስም ከሮምም የሚቀድመው ያለ አይመስለንም።

ያ ልጅ የት ይጀምር? ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ጥሩ መነሻ ነው። ግን እኛ ብንሆን ከገበያ እንጀምር ነበር። የሰንበቴ ከተማ ስሟን ልብ በሉ፤ ገበያዋ እሁድ ነው። የባቲ ገበያ ደግሞ ሰኞ። ሁለቱም እዚሁ ዞን ውስጥ ናቸው። አፋሩ ግመልና ጨው ይዞ ከቆላ ይወጣል፣ ደገኛው እህል ይዞ ይወርዳል፣ አርጎባው ሸማና ጥጥ፣ ኦሮሞው ከብትና ቅቤ ያመጣል፤ ዋጋው ላይ ይጣላሉ፣ በሦስትና በአራት ቋንቋ። አል-ዑመሪ ካይሮ ተቀምጦ ሲሰማ የጻፈው ንግድ ከዚህ ብዙ የተለየ አልነበረም፤ ዲናሩ ብር ሆኗል፣ ግመሉ አጠገብ አይሱዙ ቆሟል። እሁድ ሰንበቴ የዋለ ነጋዴ ሰኞ ባቲ ለመድረስ ዕቃውን ጭኖ ሌሊቱን ይነሳል። መንገዱ በከሚሴ በኩል ነው።